ላጠፋሁት ሁሉ ይቅርታ

ስለ ግራንድ ጁሪ የሚያስረዳ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለፈው አንዱ የልደት ድግስ ላይ ሳህኑን ይዞ ቆሞ፣ «ግራንድ ጁሪ ማለት እኮ መንግሥት ዝም ብሎ ሰው እንዳይከስ ተራው ሕዝብ አስቀድሞ የሚያጣራበት ነው» እያለ ሲያብራራ ሰማሁት። አልተከራከርኩትም። ሕጉ እንደዚያ ይላል፣ ሰውየው አልዋሸም። እኔ ግን ያንን ክፍል ገብቼ አይቼዋለሁ። ለማጣራት ስትሞክር ያየሁት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም ያደናገርኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በእንጀራ ነው። ባቡሩ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሬኒየር ቫሊ ሰፈር መመላለስ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ እኔ አውቶቡስ በምነዳበት መስመር ላይ መንገድ ለመንገድ የሚተያዩ ሁለት የሐበሻ ግሮሰሪዎች ነበሩ። የአንደኛው ባለቤት ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ የማይሞላው ወጣት ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚከፍት፣ ሥራ የማይሰለቸው። ሌላው፣ የማዶው ባለሱቅ፣ የእኔ እኩያ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሐበሻ ሱቅ ሲከፍት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለሁለቱም እንጀራ የሚያመጣላቸው አንድ ጋጋሪ ቤት ነበር። አንድ ቀን የማዶው ባለሱቅ ጋጋሪዎቹን «ለእሱ የምታመጡ ከሆነ ለእኔ እንዳታመጡ» አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ በሚገዛበት ቀን፣ የወጣቱ መደርደሪያ ባዶውን ዋለ። ወጣቱም መንገዱን ተሻግሮ ሄደና ደንበኞች ፊት «ይሄ ሱቅህ አመድ ይሁን» ብሎት ወጣ።

እርግማን ነው። የተናደደ ሁሉ የሚለው ነው። እናቴ እኛን ልጆቿን በቀን ሦስቴ አመድ ታደርገን ነበር፣ ማናችንም አልተቃጠልንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን፣ ጠዋት ሱቆች ሳይከፈቱ፣ የማዶው ሱቅ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ጣሪያው ግን ወረደ፣ ዕቃው ሁሉ አለቀ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ወጣቱ ብቻ ነው። እሳት አደጋ የጠራውም እሱ ነው። እስከ ማታ ድረስ ከሬኒየር ቢች እስከ ሬንተን ወሬው ያልደረሰው ሐበሻ አልነበረም፤ እሳት አደጋ የጠራው ሰው ስም ግን ከወሬው ውስጥ ወጥቶ፣ የተራገመው ሰው ስም ብቻ ቀረ።

እኛም እንደ ደንባችን ሽምግልና ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች ነበርን። ኢንሹራንስ የሚሸጥ ወዳጃችን ከቢሮው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ፖሊስ ገና እያጣራ ነው፣ የእሳቱ መነሻ አልታወቀም፤ የእኛ ሥራ ደግሞ ማን አቃጠለ የሚለውን መፍረድ ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች ሲተያዩ ፊታቸውን እንዳያዞሩ ማድረግ ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ሌሎቹም እንደዚያ ነበር የገባቸው።

ወጣቱ ተነስቶ ቆሞ ተናገረ። «ስለ እርግማኑ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአፌ ያወጣሁት ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስለ እሳቱ ግን የማውቀው ነገር የለም። አልነካሁም» አለ። ከዚህ የጠራ ንግግር ከየት ይመጣል? ያጠፋውን ወሰደ፣ ያላጠፋውን አልወሰደም። የማዶው ባለሱቅ ግን ፊቱን አዞረ። «ተከፋፍሎ ይቅርታ የለም። ከጠየቀኝ ሁሉንም ይጠይቀኝ» አለ። ብንል ብንል እምቢ አለ። አንዱ ሽማግሌ ሲመክረው፣ ሌላው ሲለምነው፣ ዞረን ዞረን እዚያው ሆነ።

ይሄኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ወጣቱን «በል አታብዛው» አልኩት። «ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ በልና ይለቅ። ምን ይጎድልብሃል?»

«ጋሼ፣ ያላጠፋሁትን?» አለኝ።

«እንዲህ ነው የሚባለው። እግዚአብሔርንስ ስንለምን በማወቅም ባለማወቅም አይደል የምንለው? ማን ቆጥሮ ይይዝብሃል?»

አየኝ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የሰውየውን ጉልበት ያዘና «በማወቅም ባለማወቅም ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር ይበሉኝ» አለ። የማዶው ባለሱቅ አነሳው፣ ተሳሳሙ፣ እኛም መርቀን ተነሳን። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች «አንተ ባትኖር አንጨርሰውም ነበር» ብለው አመሰገኑኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለት የፌዴራል መርማሪዎች ሬንተን እቤቴ ድረስ መጥተው ወረቀት ሰጡኝ። ልጄ አነበበችልኝ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ግራንድ ጁሪ ፊት ቀርቤ እንድመሰክር የሚያዝ መጥሪያ ነው። ለካ መርማሪዎቹ የማዶውን ባለሱቅ ሲጠይቁት «ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቆኛል» ብሏቸዋል። ክፋት አልነበረበትም ይላሉ። ኧረ ተዉኝ እናንተ። ታርቆ፣ ስሞ፣ ተመርቆ ሲያበቃ ለመርማሪ የሽምግልናን ነገር አውጥቶ መስጠት ክፋት ካልሆነ ምን ይባላል? እስካሁን ሳየው ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ነው።

ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ስታነብ ቆይታ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። ዳኛ እዚያ ውስጥ አይኖርም። ተጠርጣሪው አይኖርም፣ የእሱም ጠበቃ አይኖርም። የምስክር ጠበቃ እንኳ አብሮ አይገባም፤ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፣ ምስክሩ ሲጨንቀው ፈቃድ ጠይቆ ወጥቶ ሊያማክረው ይችላል። ሶ፣ ጠበቃ ያስፈልግሃል አለችኝ። «ምን አጥፍቼ?» አልኳት። አስተርጓሚ እንመድብልዎ ሲሉኝም አልፈልግም አልኩ። ስንት ዓመት ተሳፋሪ ሳነጋግር የኖርኩ ሰው በአስተርጓሚ ልናገር? ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደግሞ ዳኛ የለም ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። ዳኛ የሌለበት ፍርድ ቤት ምን ዓይነት ነው? ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ለዳኛው የምናገረውን ሌሊቱን ሁሉ በልቤ ሳጠና አድሬ ሄድኩ። ስገባ መስኮት የሌለው ሰፊ ክፍል ነው። እንደ ማታ ትምህርት ቤት በረድፍ የተቀመጡ ሃያ ምናምን ሰዎች አሉ፤ ለካ ግራንድ ጁሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዟል፣ አንዷ ጃኬቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ከፊት አንድ ጽሑፍ የምትይዝ ሴትና ወጣት ዓቃቤ ሕግ አሉ። ሌላ ማንም የለም። ዓይኔ ዳኛውን ሲፈልግ ቆየ።

ዓቃቤ ሕጉ ጨዋ ነበር። ይሄ ነው የሚያበግነኝ። ቢጮህብኝ እጮህበት ነበር። ካስማለኝ በኋላ ውሃ ቀዳልኝና በትሕትና ጠየቀኝ። ወጣቱ ሱቁ አመድ ይሁን ብሎ ነበር? ሰምቻለሁ፣ አዎ። በስብሰባው መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቀ? አዎ። ተንበርክኮ? «ዝቅ ብሎ፤ በእኛ ባህል ግን...» ስል እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ። «አዎ ወይም አይደለም ቢሉኝ ይበቃኛል።» አዎ። ይቅርታ የጠየቀው ሱቁ የተቃጠለበትን ሰው ነው? አዎ። ሱቁ ከተቃጠለ በኋላ ነው? አዎ።

አምስት ጊዜ አዎ አልኩ፣ አምስቱም እውነት ናቸው። አምስቱ ሲደመሩ ግን አንድ ትልቅ ውሸት ወጣቸው። ችሎት ቢሆን ኖሮ አንድ ጠበቃ ብድግ ብሎ «ከዚያ በፊትስ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ብድግ የሚል የለም። ጥያቄውን የሚመርጠው ዓቃቤ ሕጉ፣ ምስክሩን የሚመርጠው ዓቃቤ ሕጉ፣ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀውም እሱ ነው። ከሽማግሌዎቹ መካከል እኔን የጠሩኝ እንግሊዝኛዬ ስለሚሻል እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቅ አለ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ እጇን አወጣች። «ይቅርታ የጠየቀው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

በሩ ያኔ ተከፍቶልኝ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ እሳቱን አልነካሁም ብሎን ነበር፣ እኔ ነኝ ሁሉንም ጠቅልለህ በል ያልኩት። ምላሴ ላይ መጥቷል። ግን ቀጥሎ «እርስዎ ነዎት እንዴ ምን እንደሚል የነገሩት?» ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። ምስክር ሆኜ ገብቼ ተጠርጣሪ ሆኜ ልወጣ ነው አልኩ በልቤ። ስለዚህ ስለ ባህላችን ማስተማር ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ትልቅ ሰው ነው፣ ሽምግልና ከአባቶቻችን የመጣ ነው፣ ሰላም ከሁሉ ይበልጣል። ስንት ደቂቃ እንደለፈለፍኩ አላውቅም። ዓቃቤ ሕጉ ይሄኔ አላቋረጠኝም፣ የሚያቋርጥበት ምክንያት አልነበረውም።

ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችኝና «እና ለእሳቱም ጭምር ነው ይቅርታ የጠየቀው?» አለች።

«ለሁሉም ነው» አልኳት።

«ለሁሉም?»

«አዎ፣ ለሁሉም።»

ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ዓቃቤ ሕጉ አመስግኖ ሸኘኝ። ስወጣ ሰዓቴን ሳይ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አላለፈም።

አሠራሩን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ማወቄ አይጠቅምም እንጂ። ምስክሮች ካለቁ በኋላ ዓቃቤ ሕጉም ጸሐፊዋም ይወጣሉ፣ ሰዎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። የሚጠየቁት «ሰውየው አድርጎታል ወይ?» ተብለው አይደለም። «አድርጎታል ብሎ ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያት አለ ወይ?» ነው። ሁሉም እንዲስማሙ አይጠበቅባቸውም፤ አሥራ ሁለቱ አለ ካሉ ክሱ ይወጣል። እኔም ከእነሱ አንዱ ብሆን እጄን አወጣ ነበር። ተራግሟል፣ ጠዋት እዚያ ታይቷል፣ ሽማግሌ ፊት ለሁሉም ይቅርታ ጠይቋል። የሰፈሩ ሽማግሌ በሙሉ ልብስ መጥቶ በመሐላ የተናገረውን እንዴት አያምኑም? አልኮነንኳቸውም። የተናደድኩት እኔን ብቻ ሰምተው እሱን እንዳይሰሙ ተደርጎ በተሠራው ክፍል ላይ ነው፤ በራሴ ላይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ወጣቱን ሱቁ ውስጥ በርበሬ ሲመዝን ይዘውት ሄዱ። ሆን ብሎ ሕንፃ በማቃጠል ተከሰሰ፣ ዋስትናም ተከለከለ። ሚስቱ ኮል አደረገችልኝ። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የመሰከሩት?» አለችኝ።

«የእኔ ልጅ፣ የግራንድ ጁሪ ነገር ሚስጥር ነው። መናገር ተከልክያለሁ» አልኳት።

ይሄን ስላት አምኜበት ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የሰሙትን ላለማውጣት እንደሚምሉ ሰምቻለሁ፣ እኔም ምያለሁ፣ አንድ ነገር መሰለኝ። ደግሞም ሚስጥር መጠበቅ የለመድኩት ነገር ነው፤ ስንት ትዳር ሲፈርስና ሲጠገን ያየሁትን ለሚስቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ግን እውነቱን ካወራን አይቀር፣ መከልከሌ ደስ ብሎኝ ነበር። የወጣቱ ጠበቃ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ ሦስቴም ያንኑ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ዘጋሁበት። ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከበው ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ «ሕግ ነው፣ አልናገርም» እል ነበር። እንዲያውም የሚያከብሩኝ በዙ።

ስድስት ወር እንደዚህ አለፈ። ልጄ ኮሌጅ ገብታ ለምስጋና በዓል እቤት መጥታ ነበር። ምሳ እየበላን ስለ ወጣቱ ነገር ተነሳና «መናገር ብችል ኖሮ» አልኩ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዳድ፣ ማን ነው የከለከለህ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ሚስጥር እንዲጠብቁ የሚገደዱት ሰዎቹና ዓቃቤ ሕጉ ናቸው፤ በፌዴራል ግራንድ ጁሪ ምስክር ስለ ራሱ ምስክርነት ለፈለገው ሰው መናገር ይችላል። ቢያስፈልግ ለጠበቃ ደውለህ መጠየቅ ትችል ነበር እኮ አለችኝ። ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ሳህኔን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ለጠበቃው ደወልኩ። ወጣቱ በመጀመሪያ ያለውን፣ እኔ ቀጥዬ ያልኩትን፣ ሴትዮዋ ጠይቃኝ የሸሸሁትን ሁሉ አንድ ባንድ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ስድስት ወር ሙሉ ስንጠብቅህ ነበር» አለኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ከእኔ በኋላ ደፍረው ተናገሩ። ያለውን ሁሉ ጽፈን ፈረምን። በዚያው ሰሞን ጠበቃው ያመጣው ባለሙያ እሳቱ የተነሳው ከማዶው ባለሱቅ ከራሱ አሮጌ ፍሪዘር ገመድ እንደሆነ አሳየ። ዓቃቤ ሕጉ ክሱን አነሳ። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስምንት ወር ከታሰረ በኋላ ወጣቱን ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡትና ለቀቁት፤ «በማወቅም ባለማወቅም ይቅር በለን» ያለው አንድም ሰው የለም።

ሱቁ ተዘግቶ ሌላ ሰው ተከራይቶታል። እሱ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭንበት ሥራ ገባ። ሽማግሌዎቹ «እናስታርቃችሁ፣ አንተም ጎንበስ በልና ይለቅ» ሲሉኝ ተቆጣሁ። የሽማግሌ ነገር ሰልችቶኝ ነበር። ብቻዬን ሬኒየር ቢች እቤቱ ሄድኩ።

ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ፣ እንደ ወጉ ሰላም ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እሱ ሶፋው ላይ ነበር፣ ከስቷል። ለታላቅ እንደሚደረገው ተነስቶ ቆመልኝ፤ ባይነሳልኝ ይሻለኝ ነበር። የመጣሁበትን ልጀምር አፌን ስከፍት አቋረጠኝ።

«ይቅርታውን ይተዉት ጋሼ። ብዙ ጊዜ ነበረኝ፣ አስቤበታለሁ። እርቁን ፈልገው ነው እንዳልል፣ ሰውየው እምቢ ቢልም ሌላ ቀን መቀጠል እንችል ነበር። እሳቱን እንዳልነካሁ ደግሞ ያምኑኝ ነበር፣ ፊትዎ ላይ አይቻለሁ። ታዲያ ያን ቀን ለምን ቸኮሉ?»

ለሰላም ብዬ ነው ልለው እችል ነበር። ለሃያ ምናምን ፈረንጅ ያልኩትን ለእሱም ልደግምለት እችል ነበር።

«መኪናዬን ከሁለት ሰዓት በላይ በማይቆምበት ቦታ ፓርክ አድርጌ ነበር» አልኩት። «ጊዜው ሊያልፍብኝ ነበር።»

ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እና የቅጣት ቲኬት ለጠፉብዎት?» አለኝ።

«አይ» አልኩት፣ «ደረስኩበት።»